«ብርቅዬ ተክል አልተገኘም» የሚለው ማን ነው? የጫካ ዕፅዋት ቆጠራ እንዴት ይሠራል?

መንገድ ሊቆረጥ፣ ግድብ ሊሠራ ወይም ማዕድን ሊወጣ ሲታሰብ አንድ ወፍራም የአካባቢ ተፅዕኖ ሪፖርት ይዘጋጃል። በውስጡ ብዙ ጊዜ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ትገኛለች፦ «በቦታው ለመጥፋት የተቃረበ የዕፅዋት ዝርያ አልተገኘም።» አብዛኛው አንባቢ አይቷት ያልፋል። የጫካው ዕጣ ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በእሷ ነው።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ማን ጻፋት? በየትኛው ወር ሄዶ አየ? ምን ያህል ፈለገ? መልሱ ብዙም ወደማይወራለት ሙያ ይወስደናል። ሥራው በአብዛኛው የሚሠራው ለጥቂት ወራት ተቀጥረው ጫካ በሚገቡና ወቅቱ ሲያልቅ በሚሰናበቱ ሰዎች ነው። የወቅት የመስክ ቦታኒስቶች ይባላሉ።

ሥራቸው በትክክል ምንድን ነው?

ቦታኒስት ዕፅዋትን የሚያጠና ባለሙያ ነው። የመስክ ቦታኒስት ደግሞ ዕፅዋቱ ያሉበት ድረስ ሄዶ ሦስት ጥያቄ ይመልሳል። ምን አለ? ምን ያህል አለ? የት አለ?

የሚቀጥራቸው አካል ይለያያል። የብሔራዊ ፓርክ አስተዳደር፣ የደን መሥሪያ ቤት፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም አማካሪ ድርጅት ሊሆን ይችላል። የሥራው ዓይነትም እንደዚያው ነው። አንዳንዱ ቋሚ የጥናት ቦታዎችን በየጥቂት ዓመቱ እየሄደ ይለካል። አንዳንዱ አንድ የታወቀ ብርቅዬ ተክል ፍለጋ ጫካ ያስሳል። ሌላው መጤ ወራሪ ዝርያ የት ድረስ እንደገባ ካርታ ያወጣል። ሦስቱም ጫካ መዞር ይመስላሉ። ነገር ግን በአንዱ መንገድ የተሰበሰበ መረጃ ለሌላው ጥያቄ ሁልጊዜ መልስ አይሆንም። ወራሪ ተክል ለመመዝገብ የተላከ ቡድን ብርቅዬ ኦርኪድ አላየሁም ቢል ኦርኪዱ የለም ማለት አይደለም። ሲጀመር አልፈለገውም።

ለምን ዓመቱን ሙሉ አይሠራም?

ተክል ዓመቱን ሙሉ ራሱን ስለማይገልጥ ነው። የዝርያ መለያ ምልክቶች በአብዛኛው ያሉት አበባውና ፍሬው ላይ ነው። የአበባው ክፍሎች ስንት ናቸው? ተጣብቀዋል ወይስ ተለያይተዋል? ፍሬው ሲደርቅ በምን በኩል ይሰነጠቃል? አበባና ፍሬ የሌለውን ተክል መለየት ሰውን ከጀርባው ብቻ አይቶ ስሙን እንደ መጥራት ነው። የቅርብ ወዳጅ ከሆነ ይታወቃል። መንታ ወንድም ካለው ግን ችግር ነው። ዕፅዋት ደግሞ መንታ ይበዛባቸዋል።

በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ጊዜው በጣም አጭር ነው። ቅጠላቸውን የሚያራግፉ ዛፎች ባሉበት ጫካ አንዳንድ ትንንሽ አበቦች የሚወጡት በረዶው ቀልጦ ዛፎቹ ቅጠል እስኪያወጡ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። ፀሐይ መሬት የሚደርሰው ያኔ ብቻ ስለሆነ ይቸኩላሉ። ያብባሉ፣ ዘር ያፈራሉ፣ ከዚያ ከላይ ያለው አካላቸው ይጠወልግና ከመሬት በታች ይከተታሉ። ከሁለት ወር በኋላ የመጣ ባለሙያ እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ ምንም አያይም።

እንግጫና ቄጠማ የሚመደቡበት ትልቅ ቤተሰብ (ቤተሰብ የሚባለው የሚዛመዱ ዝርያዎች ስብስብ ነው) ደግሞ ሌላ ጊዜ ይፈልጋል። አበባቸው ብዙ አይነግርም። ብዙዎቹ ዝርያዎች በእርግጠኝነት የሚለዩት የደረሰ ፍሬ ሲይዙ ነው። ቀድሞ የሄደ ለጋ ያገኛል። የዘገየ ደግሞ ረግፎ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አንድን ጫካ በደንብ ለማወቅ በአንድ ወቅት ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል። በጀት ሲያንስ መጀመሪያ የሚቆረጠውም ይኸው ምልልስ ነው።

በሞቃታማ የዝናብ ደን ደግሞ ችግሩ ከፍታ ነው። ዛፉ ቢያብብም አበባው 30 ወይም 40 ሜትር ላይ ነው። ባለሙያዎቹ ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ መቁረጫ ይጠቀማሉ፣ በትልቅ ወንጭፍ ገመድ ወደ ቅርንጫፍ ይወረውራሉ፣ ወይም ዛፍ ላይ ይወጣሉ። ይህ ሁሉ ካልሆነ ቅጠሉን፣ የልጡን ሽታና ሲቆረጥ የሚፈሰውን ፈሳሽ ያያሉ። የሾላና የዋርካ ቤተሰብ ነጭ ወተቱ ያጋልጠዋል። አሜሪካዊው ቦታኒስት አልዊን ጄንትሪ በዚህ ችሎታው ይታወቅ ነበር። አበባ የሌለውን ቅርንጫፍ አይቶ ቤተሰቡን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢኳዶር ውስጥ ለዳሰሳ በረራ ላይ እያለ አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሞተ። እንደዚህ ያለ እውቀት አብዛኛው ያለው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሰውየው ሲሄድ ብዙው አብሮት ይሄዳል።

ጫካው በሙሉ ይቆጠራል እንዴ?

አልፎ አልፎ፣ አዎ። ፓናማ ውስጥ ባሮ ኮሎራዶ የምትባል ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎቹ ስቴፈን ሀብልና ሮቢን ፎስተር እዚያ 50 ሄክታር ደን ከልለው፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር የሞላውን ራሱን ችሎ የቆመ ግንድ ሁሉ አስቆጠሩ። ከ200 ሺህ በላይ ግንድ ተመዘገበ። እያንዳንዱ ቁጥር ተለጠፈበት፣ ካርታ ላይ ሰፈረ። ቆጠራው በየአምስት ዓመቱ ይደገማል። የቱ ዛፍ አደገ፣ የቱ ሞተ፣ የቱ አዲስ በቀለ የሚለው የሚታወቀው በዚህ ድግግሞሽ ነው። ዛሬ ይህንኑ ዘዴ የሚከተሉ ትልልቅ ቦታዎች በብዙ አገሮች አሉ።

ይህ ግን ብዙ ሰውና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። በአብዛኛው ቦታ የሚደረገው ናሙና መውሰድ ነው። ጫካው ውስጥ ትንንሽ ቦታዎች ይመረጣሉ። እያንዳንዱ ፕሎት ይባላል። በብዙ ጥናቶች የሚሠራበት ልክ 20 በ50 ሜትር ነው፤ የሄክታር አንድ አሥረኛ ማለት ነው። በውስጡ ትንንሽ ካሬዎች ይሰመሩና ሳርና ቡቃያው በዚያ ይታያል።

ዋናው ጥያቄ ፕሎቱ የት ይደረግ የሚለው ነው። ሰው በተፈጥሮው የሚያምር ቦታ ላይ መቆም ይወዳል። ትልልቅ ዛፎች ያሉበት፣ እሾህ የሌለበት፣ ከመንገድ ያልራቀ። እንዲህ ከተመረጠ ውጤቱ ስለ ጫካው ሳይሆን ስለ መራጩ ምርጫ ይሆናል። ለዚህ ነው ነጥቦቹ አስቀድመው በዕጣ የሚወጡት። ጂፒኤሱ «እዚህ ነው» ካለ፣ ረግረግ ይሁን ገደል ጥግ፣ ለአደጋ እስካላጋለጠ ድረስ እዚያው ይሠራል። ሁለት ሰዓት በቁጥቋጦ መሐል ተጉዞ የተራ ሳር ፕሎት ላይ መድረስ ያበሳጫል። ግን ያ ተራ ሳርም የጫካው አካል ነው።

ፕሎቱ ላይ ሲደርሱስ ምን ያደርጋሉ?

መጀመሪያ ሜትር ተዘርግቶ ማዕዘኖቹ ላይ ካስማ ይመታል። አረማመድም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሊቆጠር ያለው ቡቃያ በቦት ጫማ ከተረገጠ ሥራው ገና ሳይጀመር ተበላሸ።

ዛፍ የሚለካው በደረት ከፍታ ነው። በብዙ አገሮች ይህ 1.30 ሜትር ነው። ተዳፋት ላይ ከሆነ ከላይኛው በኩል ቆሞ ይለካል። ሥሩ እንደ ክንፍ የተዘረጋ ዛፍ ከሆነ ከክንፉ በላይ ይወጣል፤ የተለካበት ከፍታም ይጻፋል። ሜትሩ ራሱ ልዩ ነው። ግንዱን ዙሪያውን ይጠቀለላል፣ የሚያሳየው ቁጥር ግን ውፍረቱን ነው። ዙሪያው 94.2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንድ ሜትሩ ላይ 30 ተብሎ ይነበባል። ለ3.14 ማካፈሉ አስቀድሞ ሜትሩ ላይ ተሠርቷል።

ሳርና ትንንሽ ተክል አንድ በአንድ አይቆጠርም። የሚገመተው የሸፈነው ቦታ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ቦታኒስት ጆሲያስ ብራውን-ብላንኬ ያስለመደው መለኪያ እስካሁን ይሠራበታል። ከ5 በመቶ በታች አንድ ደረጃ፣ ከ5 እስከ 25 ሌላ ደረጃ፣ ከዚያ 25 እስከ 50፣ 50 እስከ 75፣ ከ75 በላይ። ደረጃዎቹ ሰፊ የሆኑት ሆን ተብሎ ነው። ዓይን 32 በመቶን ከ36 በመቶ መለየት አይችልም።

ግምቱን የሚያቀል ዘዴም አለ። ፕሎቱ 10 በ10 ሜትር ከሆነ፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ቦታ ልክ አንድ በመቶ ነው። ባለሙያው በሐሳቡ ተክሉን ሁሉ ጥግ ላይ ሰብስቦ ስንት እንደዚህ ያለ ካሬ እንደሚሞላ ይገምታል። ተክሎች አንዱ በአንዱ ላይ ስለሚደራረቡ ድምሩ ከ100 ቢያልፍ ስህተት አይደለም።

ያም ሆኖ ሁለት ሰው አንድ ፕሎት አይቶ የተለያየ ቁጥር ይጽፋል። ስለዚህ ጥሩ ቡድን በወቅቱ መጀመሪያ አንድ ላይ ይለማመዳል። ሁሉም ለየብቻ ይገምታል፣ ከዚያ ይነጻጸራል፣ የተራራቀው ላይ ይከራከራሉ። ይህ ልምምድ ካልተደረገ ትልቅ መዘዝ አለው። ዘንድሮ አንድ ተክል 40 በመቶ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 25 በመቶ ቢባል፣ ተክሉ ቀንሶ ነው ወይስ ቆጣሪው ተቀይሮ? ማንም አያውቅም።

የተክሉ ስም እንዴት ይታወቃል?

የእጅ ማጉያ መነጽር የዚህ ሙያ ዋና መሣሪያ ነው። የተለመደው አሥር እጥፍ ያጎላል። መነጽሩ ዓይን ላይ ይጠጋል፣ ከዚያ ተክሉ ጥርት እስኪል ድረስ ወደ መነጽሩ ይመጣል። ጀማሪ ግን መነጽሩን ተክሉ ላይ ያደርግና ራሱ ይርቃል።

እንበልና ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው የወጡ ቁጥቋጦ አገኛችሁ። የቅጠሉ ጠርዝ ልሙጥ ነው፣ ጥርስ የለውም። አሁን ሁለቱ ቅጠሎች ግንዱን የሚነኩበትን መገጣጠሚያ በመነጽር እዩ። በሁለቱ የቅጠል እጀታዎች መሐል፣ ግንዱ ላይ፣ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሽፋን ካለ የቡና ቤተሰብ የመሆኑ ዕድል በጣም ሰፊ ነው። አበባ ሳይታይ፣ አንዲት ጥፍር የማትሞላ ነገር ታይታ ፍለጋው ከመቶዎቹ ቤተሰቦች ወደ አንድ ጠበበ። ይህን ዓይነት ማየት የቀመሰ ሰው ጫካን እንደ ድሮው አረንጓዴ ግድግዳ ብቻ አድርጎ ማየት አይችልም።

ከቤተሰብ ወደ ዝርያ ለመውረድ መለያ ቁልፍ የሚባል የጥያቄ ሰንሰለት አለ። በእያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ምርጫ ይቀርባል። ቅጠሉ ፀጉራም ነው? ወደ 7 ሂድ። አይደለም? ወደ 12 ሂድ። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ላማርክ ይህን ዓይነት ቁልፍ የተጠቀመው እ.ኤ.አ. በ1778 ነው። አንድ እርምጃ ላይ ከተሳሳቱ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በልበ ሙሉነት ወደ ተሳሳተ ስም ይወስዳል። ልምድ ያለው ሰው ስሙ ላይ ሲደርስ አያቆምም። መግለጫውን ያነባል፣ ተክሉ እዚህ አካባቢና እዚህ ከፍታ ላይ ይበቅላል ወይ ብሎ ይፈትሻል።

የስልክ መተግበሪያ አይበቃም?

ለመነሻ ይጠቅማል። የተለመደ ተክል ካበበ ጥሩ ሐሳብ ያቀርባል። ነገር ግን ሰዎች ብዙ ፎቶ ያነሱት የሚያምረውን ነው። ብዙ ፎቶ የሌላቸው ብርቅዬ ዝርያዎች፣ ሳሮች፣ እንግጫዎችና ቡቃያዎች ላይ መተግበሪያው ይደክማል። የውስጥ ክፍሉ ተከፍቶ በመነጽር መታየት ያለበት ተክልም ከፎቶ አይለይም። ለቆጠራ ደግሞ አስፈላጊ የሆኑት ብዙ ጊዜ እነዚሁ ናቸው።

ለምን ይቀጥፉታል? ፎቶ ያንሳሉ እንጂ!

ይህ ጥያቄ ከተፈጥሮ ወዳጆች ይመጣል፤ ተገቢም ነው። መልሱ ስም ስህተት ሊሆን ይችላል የሚል ነው። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት ከሞቃታማ አገሮች ተሰብስበው ከተቀመጡ የዕፅዋት ናሙናዎች ከግማሽ በላዩ የተሳሳተ ስም ሳይኖራቸው አይቀርም ብለው ገምተዋል። ግን ስህተቱ ሊታወቅ የቻለው ናሙናው ስላለ ነው። ዝርዝር ላይ ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ያርመው ነበር?

ናሙናው በጋዜጣ መሐል ይዘረጋል። ቢያንስ አንድ ቅጠል ጀርባው ወደ ላይ ይገለበጣል፣ ምክንያቱም ከደረቀ በኋላ ማገላበጥ አይቻልም። በመጫኛ ይጠበቃል፣ ይደርቃል። አብሮት የሚሄደው ጽሑፍ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ የሰብሳቢውን ስምና ቁጥር ይይዛል። ሲደርቅ የሚጠፋውም ይጻፋል፦ የአበባው ቀለም፣ ሽታው፣ የዛፉ ቁመት። ከዚያ ነፍሳት እንዳይበሉት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በባሰ ቅዝቃዜ ለቀናት ይቀመጥና ወደ ሄርባሪየም ይገባል። ሄርባሪየም የደረቁ ዕፅዋት ቤተ መዛግብት ነው። በዓለም ላይ ከ3 ሺህ በላይ አሉ፤ የያዙት ናሙናም 400 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል።

እዚያ ተኝቶ ምን ይጠቅማል የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አለ። አዲስ ተብለው ከተገለጹ ዝርያዎች ውስጥ በተሰበሰቡ በአምስት ዓመት የተገለጹት 16 በመቶ ብቻ ናቸው። ወደ ሩብ የሚጠጉት ግን ከ50 ዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ በቆዩ ናሙናዎች የታወቁ ናቸው። ለሳይንስ አዲስ የሆነው ዝርያ ተሰብስቦ ቤት ውስጥ ነበር። የሚያውቀው ሰው እስኪያየው ይጠብቅ ነበር።

መቀጠፉ ገደብ አለው። ፈቃድ ያስፈልጋል። አገር ከተሻገረ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የአገሮችን የዘረመል ሀብት ስለ መጠቀምና ጥቅሙን ስለ መጋራት የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ይነሳል። በሙያው የተለመደ ልክም አለ፦ ከ20 ተክል ከአንድ በላይ አይነካም። 20 ከሌለ በፎቶና በጽሑፍ ብቻ ይመዘገባል።

ታዲያ «አልተገኘም» የሚለው መቼ ይታመናል?

ወደ መነሻችን ጥያቄ መጣን። «አለ» ለማለት አንድ ተክል ይበቃል። «የለም» ለማለት ግን ብዙ ነገር መሟላት አለበት። አንዳንድ የመሬት ኦርኪዶች ዓመቱን ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ከመሬት በታች ተኝተው ይቆያሉ። ሳይሞቱ አይታዩም። የአንዳንድ ተክል ዘር ደግሞ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል።

ጠንቃቃ ቡድን ስለዚህ አንድ ነገር ያደርጋል። የሚፈለገው ተክል እንዳለበት የሚታወቅ ሌላ ቦታ ካለ፣ መጀመሪያ እዚያ ሄዶ ያያል። እዚያ ወጥቶ አብቦ ከሆነ፣ አሁን የሚመረመረው ቦታ ላይ መታጣቱ ትርጉም አለው። እዚያም ካልታየ ግን ጊዜው አልደረሰም ወይም አልፏል፤ ወይም ዓመቱ ድርቅ ነው። ፍለጋው ሌላ ጊዜ መደገም አለበት።

ሪፖርት እጃችሁ ከገባ መጀመሪያ የምትፈልጉት ቀኑን ነው። የተፈለገው ተክል በዚያ ወር ያብባል? ከዚያ የሰዎቹን ብዛትና የሄዱበትን መስመር ተመልከቱ። ናሙናዎቹ የት ሄርባሪየም እንደተቀመጡ ተጽፏል? በአበባ ወቅት ያልሄደ ሰው የጻፈው «አልተገኘም» ማስረጃ ነው ብዬ አልቀበልም። በዚያ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ጫካ ሲመነጠር ያለው ጉዳት ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም።

የሠራተኞቹ ኑሮ ምን ይመስላል?

ቀኑ የሚጀምረው ማለዳ ነው፣ የሚያልቀው ማታ ናሙና ጋዜጣ ውስጥ ሲገባና የቀኑ ወረቀት ሲፈተሽ። በመሐል ሙቀት፣ ዝናብ፣ ከባድ ቦርሳ አለ። በመዥገር በሚታወቁ አካባቢዎች ማታ ማታ ሰውነትን መፈተሽ ግዴታ ነው። የላይም በሽታን የምታስተላልፈው ጥቁር እግር መዥገር አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ መጣበቅ ይኖርባታል። ስለዚህ በየማታው የተገኘች መዥገር ብዙ ጉዳት ሳታደርስ ትነሳለች። ለብቻ አይወጣም። የሚመለሱበት ሰዓት ለሌላ ሰው ይነገራል።

ጫማም ይታጠባል፣ በአልኮል ይጸዳል። ለንጽሕና ተብሎ አይደለም። ፋይቶፍቶራ የተባሉ፣ ፈንገስ የሚመስሉና ዛፍ የሚገድሉ ረቂቅ ተሕዋስያን በጭቃ ተጣብቀው ከጫካ ወደ ጫካ ይሄዳሉ። ጫካውን ሊጠብቅ የሄደ ሰው በሽታ ይዞለት እንዳይገባ ነው።

ኮንትራቱ ሲያልቅስ?

የዚህ ሥራ ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ኮንትራቱ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ የመስኩ ሥራ ሲያልቅ ነው። ያልታወቁት ናሙናዎች ግን ገና አልተለዩም። ከባዶቹን በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ከሄርባሪየም ናሙና ጋር ማስተያየት፣ የማያውቁትን ለዚያ ቤተሰብ ባለሙያ መላክ ሳምንታት ይወስዳል። ተክሉን ሲያብብ ያየው፣ የሸተተው፣ ቦታውን የሚያስታውሰው ሰው ያኔ ሥራ ፈላጊ ሆኗል። ወረቀቱ ላይ «ያልታወቀ እንግጫ፣ ቁጥር 3» ተብሎ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ሰው ይቀጠራል፣ መለማመዱ ከዜሮ ይጀምራል፣ ግምቱም ከቀድሞው ሰው ይለያል።

ስለዚህ ወደዚህ ሥራ ለመግባት የምታስቡ ከሆነ ደመወዙን ብቻ አትጠይቁ። ከመስክ በኋላ ናሙና ለመለየት የሚከፈል ጊዜ አለ? ባለፈው ዓመት ከሠሩት የተመለሰ ሰው ቡድኑ ውስጥ ይኖራል? ዝናብ ሲያግድ የቀን ክፍያ ይቆረጣል? ማደሪያና መኪና የማን ነው? ለሚቀጥሩትም ጥያቄው ያው ነው። በጀቱ ላይ ሦስት ሳምንት የናሙና መለያ ጊዜ መጨመር ቀላል ነው። «ቁጥር 3» የተባለውን እንግጫ ከዓመት በኋላ ሌላ ሰው ሄዶ እንዲፈልገው ማድረግ ግን ከባድ ነው፤ እስከዚያ ቦታው ላይ ጫካ ካለ ነው እንጂ።